እሳት የማይሸጥበት መንደር

ልጅ ሳለሁ በእኛ መንደር እሳት አይሸጥም ነበር። ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ደረቅ ኩበት ይዛ ወደ ጎረቤት ትሻገራለች፣ ፍም ትጭራለች፣ ኩበቱን እፍ እያለች ትመለሳለች፤ አለቀ። ማን ለማን እንደሰጠ የሚያስታውስ አልነበረም። ከአይከል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ቀዬ ያኔ ክብሪት ብርቅ ስለነበረ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን የክብሪት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

እሳት ልጭር የምላከው ወደ አያ ፈንታ ቤት ነው። አያ ፈንታ ጎረቤታችን፣ በወጣትነቱ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ነበር። ማታ ማታ የሰፈሩ ልጆች ምድጃውን ከበን እንኮለኮላለን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ኩራዙ የእሱን ጥላ ግድግዳው ላይ እያገዘፈው፣ ያኔ ደጋግመን የምናስነግረው አንድ ተረት ነበር።

በተረቱ ውስጥ እሳቱ ጠፍቶበት የማያውቅ አንድ ሰውዬ አለ። አንድ ቀን «በነጻ ለምን እሰጣለሁ?» አለና ለፍም እፍኝ ጤፍ ጠየቀ። ሰጡት። ቀጥሎ ቁና፣ ቀጥሎ የቀን ሥራ። የመንደሩ ሰው ቀኑን ሙሉ የሰውዬውን ማሳ ሲያርስ ውሎ ማታ ፍም ይዞ ይገባል፤ እንጨት የሚለቅምበት ጊዜ ስላጣ ፍሙ እስኪነጋ ይሞትበታል፣ ጠዋት እንደገና ይገዛል። አንድ ክረምት የሰውዬው ጣሪያ አፈሰሰና ምድጃው ጠፋ። ኩበት ይዞ ወጣ፣ ቤት ለቤት ዞረ፤ በመንደሩ ሁሉ አንድ ፍም የለም።

አያ ፈንታ እዚህ ላይ ያቆምና ምድጃውን ይቆሰቁሳል። «እሺ፣ ማን ለኮሰው?»

«መብረቅ!» እላለሁ እኔ። ምላሴ ያኔም አያርፍም ነበር።

«መብረቅን ማን ይልክልሻል፣ አንቺ ምላሳም? አክስትሽ ነው?» ይስቃል እንጂ መልሱን አይነግረንም።

አድጌ ጎንደር ገባሁ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፤ ከትምህርት ቤት የቀረብኝን ከመንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ለቃቀምኩ። ሽፋኑ በተገነጠለ በአንዱ ውስጥ፣ ጌታም አከራይም አያስፈልግም፣ ቤት የሚኖርበት ሰው፣ መሬትም የሚያርሰው ሰው ነው፣ ገንዘብ ቢቀር ሰው ተረዳድቶ ይኖራል ስለሚሉ ሰዎች አነበብኩ። ሥርዓት አልበኞች ይላቸዋል። በእኛ አነጋገር ሥርዓት አልበኛ ጠላ ቤት ብርጭቆ የሚሰብር ነው፤ እነዚህ ግን የሚናገሩት እኔ ምድጃ ዳር የሰማሁትን ነበር። ጎንደር አጠገብ ፀዳ በአንዲት የኪራይ ክፍል እኖር ስለነበር ነገሩን መረዳት አላስቸገረኝም።

አያ ፈንታ ታሞ ለሕክምና ሲመጣ በዚያችው ክፍል ከእኔ ጋር ተቀመጠ። መጽሐፉን አነበብኩለት። ጋቢውን ተከናንቦ አዳመጠና፣ «ሸጋ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ማን እንደሚለኩሰውስ ጽፈዋል?» አለኝ።

«ጽፈዋል። ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም።»

«እንግዲያውስ እንደኛው ናቸው።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አከራዬ በር ላይ ጠራችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያች ግቢ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሽማግሌው ደክመዋል። አንድ ነገር ቢሆኑ ግቢዬ ድንኳን አይችልም። ለቅሶ የተቀመጡበትን ቤት ደግሞ ሌላ ተከራይ አይደፍረውም።»

«ሞት ሲመጣ ወደ አንቺ እልከዋለሁ፤ አስፈቅዶ ይግባ» አልኳት።

ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። በነጋታው ስነሳ አያ ፈንታ ጫማውን አድርጎ፣ ከዘራውን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ማኪና ፈልጊልኝ።»

«ምነው አያ? ሐኪሙ ሰኞ ና ብሎህ የለም?»

«ሰኞን ማን አየው። እዚህ ብሞት ታስወጣሻለች። ሬሳዬ ቤት አያሳጣሽም።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሌላ ቤት እንፈልጋለን አልኩት። «ለሚሞት ሰው የሚያከራይ የትኛው ነው?» አለኝ። ደግፌ አሳፈርኩት፣ አብሬው ሄድኩ። ሰኞ ሳይደርስ በገዛ ቤቱ ሞተ። ድንኳኑን የመንደሩ እድር ተከለው፤ የእሱ ምድጃ ጠፍቶ ነበርና ጎረቤቶቹ እህል ውሃውን ከየቤታቸው ተሸክመው መጡ። ይህ ግቢ የማን ነው ያለ አልነበረም።

ፀዳ የተመለስኩ ዕለት አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። አከራዬ የከሰል ምድጃዋን ይዛ መጣች። «ከሰሉ እምቢ አለኝ፤ ፍም ይኖርሻል?» ነጠላዬን ማዘቅዘቄን አየች። «ምነው? ሽማግሌው?»

ነገርኳት። ምድጃውን መሬት አስቀምጣ ከልቧ አለቀሰች። «ምነው ሳትነግሪኝ! ለቅሶ እደርስ ነበር እኮ!»

ሰው የሚፈራው ያ ምላሴ ያን ጊዜ ከዳኝ። ፍም አንስቼ ምድጃዋ ላይ ጨመርኩላት። የእኔ እሳት አልጎደለም፤ ንዴቴም አልጎደለም። እፍ እያለች ወደ ቤቷ ስትሄድ ፍሙ ፊቷን ያቀላው ነበር።

የአያ ፈንታን ጥያቄ ዛሬም አልመለስኩትም። አሁን አሁን ከአእምሮዬ የማይወጣው ግን እሳቱን የለኮሰው ሳይሆን፣ ኩበቱን ይዞ በዝናብ ቤት ለቤት የዞረው ሰውዬ ነው። የመንደሩ ሰዎች ፍም ቢኖራቸው ኖሮ ይሰጡት ነበር? አያ ፈንታ በዚያ ሁሉ ማታ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቆን አያውቅም። መስጠታቸው ለእሱ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም መሰለኝ።