የጎረቤቴ ልጅ ስም አይፋቅም

ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌን አትዩብኝ። ነገር ግን አልረሳም።

የታች ሰፈሩ ጎረቤቴ ድሮ አንዲት በጌን ሰርቆኛል። የእኔ በጎች ምልክት የግራ ጆሮ ስንጥቅ ነው። እሱ ጫፉን ከነስንጥቁ ቆርጦ ዘመሮ ገበያ አወጣት። ጆሮዋ አጥሮ ሳይ አወቅኋት። «የእኔ ናት» ስለው ገበያተኛው እየሰማ «እስቲ በጊቱን ጠይቃት!» ብሎ አሳቀብኝ። ምስክር አልነበረኝም፤ ቀረ።

ልጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪ መዝገብ ቤት ተቀጠረ። የእኔ ልጅና የእሱ እህት እዚያው አንድ ክፍል ይማሩ ነበር። ሊመረቁ ሲሉ የእኔ ልጅ ያለፈችው ትምህርት «ወድቃለች» ተባለ፤ የወደቀችው እህቱ አለፈች። የሁለቱን ውጤት አቀያይሮ እንደ አባቱ ጆሮ ቆርጧል ማለት ነው።

መኪና ተሳፍሬ ሄድኩና ልጁን በመዝገብ ቤቱ መስኮት ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ኮምፒውተሩን ይጠይቁ» አለኝ።

ያንኑ የአባቱን ሳቅ ነበር የሳቀው።

ልጄ ግን «እንጠይቀዋለን» አለች። ለካ በዚያ ዓመት ብሎክቼይን የሚሉት አዲስ አመዘጋገብ ገብቷል። «አባዬ፣ መዝገቡ እንደ ድሮው አንድ ሳጥን ውስጥ አይደለም» አለችኝ። «አንዱ መዝገብ ብዙ ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱን ቢነኩት ሌሎቹ ይመሰክራሉ። የተጻፈ አይፋቅም፤ ማረሚያው ከሥሩ ይጻፋል፣ ካራሚው ስም ጋር።»

አቤቱታ አስገባን፤ መዝገቡ ተከፈተ። መምህሩ የሰጣት ውጤት እንዳለ አለ። ከሥሩ የዚያ ልጅ «ማረሚያ» ከነስሙ ተጋድሟል። እሱ እንደ ድሮው የደመሰሰው መስሎት ነበር። ልጄ ተመረቀች፤ እሱ ተባረረ። የዚያን ቀን ጠላ አስጠመቅሁ፤ ለእሷ ምርቃት ብቻ አይደለም።

ዘንድሮ አባትየው ሽማግሌና ቄስ ይዞ ደጄ ቆመ። ልጁ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊቀጠር ሲል ያ መዝገብ እየወጣ እንቢ ይሉታል አሉ።

«ልጅህ ታውቅበታለች፤ ስሙን ታስፍቅለት» አለኝ።

ስልክ ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ። «ይፋቃል ወይ?» አልኳት።

«ዩኒቨርሲቲው ራሱ ቢፈልግም አይፋቅም፣ አባዬ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ተሳልሜ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ምን ቸገረኝ!

ጎረቤቴ አልሄደም። «የልጄ ስምስ?» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«እስቲ ኮምፒውተሩን ጠይቀው» አልኩት።