አቶ ዝም የማይፈቱት ቋጠሮ

የተገናኘነው ክር መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። እኔ ለአንዲት ቁልፍ የሚሆን ክር ልገዛ ገብቻለሁ፤ አንዲት እናት ከፊቴ ቆመው ክሩን ሁሉ ጆሯቸው ሥር ወጥረው በጣት እየመቱ ያዳምጣሉ። ባለሱቁ ታከተው።

«እትዬ፣ ክር ነው እንጂ ራዲዮ አይደለም!»

«ራዲዮ ቢሆንማ ድምፁን ጨምሬ ካንተ እገላገል ነበር።»

ጥቅሉ ከብዷቸው ስላየሁ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ለካ የቀስት መወርወሪያ ደጋን አውታር ገማጅ ናቸው። ደጋኑን ከእንጨት የሚጠርቡት ባላቸው ናቸው፤ ሰፈርተኛው «አቶ ዝም» ይላቸዋል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ በሌላው ክር፣ መሃል በር። እትዬ ክሩን ከግድግዳ ሚስማር አስረው እየገመዱ አጫወቱኝ።

«አዲስ ደጋን ቶሎ አይጎብጥም። መጀመሪያ በረጅም አውታር ትንሽ ይለማመዳል፤ አውታሩ ባጠረ ቁጥር ጉብጠቱ ትንሽ ይጨምራል። የኔ ሰውዬ ግን ባንዴ ነው መጨረስ የሚፈልገው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እሱ ደጋን ይሰብራል። ከሰበረ ያኮርፋል፣ ካኮረፈ ሳምንት ቃል አይወጣውም። ልጆቹ ሁሉም ጎጆ ወጥተዋል፤ ከማን ጋር ላውራ? ከሚስማሩ? ዝምታ ወርቅ ከሆነ እኛ ቤት ባንክ ነው።»

ስለዚህ መላ ዘየዱ። የአውታሩን አንድ ጫፍ በቀለበት ዘጉት፤ ሌላውን በሚረዝምና በሚያጥር ቋጠሮ አሰሩት። አስተሳሰሩን ለማንም አላሳዩም። አውታር ማሳጠር ያማራቸው አቶ ዝም በሩን ከፍተው፣ አፍ አውጥተው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ደጋንም መሰበር ተወ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ ጋ ያሰረው ባል ነው።»

ይህን ሲሉ በሩ ተከፈተ። አቶ ዝም ደጋን አቅፈው ቆመዋል፤ ፍቅፋቂው ጢማቸው ላይ ሰፍሯል።

«ስሚ፣ እስቲ ጣት ታህል አሳጥሪልኝ።»

«ግማሽ ጣት።»

«ይሁን።» ደጋኑን አቀበሏቸውና «ዝናብ ሊመጣ ነው መሰል» አሉ።

«ይመስላል።»

«ጉልበትሽስ?»

«አለ።»

በሩ ተዘጋ። እትዬ ወደ እኔ ዞረው «ዛሬ ለፈለፈ» አሉ።

ሊሸኙኝ ደጅ ሲወጡ «ባለቤትዎ ቋጠሮውን አንድ ቀን ቢማሩትስ?» አልኳቸው። ወደ ውስጥ ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኧረ ከተማረው ቆየ! የታመምኩ ጊዜ ብቻውን ሲፈታ ሲቋጥር በበሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ግን «አሳጥሪልኝ» እያለ ይመጣል። አደራ ልጄ፣ ማየቴን እንዳይሰማ፤ ካፈረ መምጣቱን ይተዋል።»