ከሁለት ኪሎ ስኳር ያነሰች

የሐረርን ሰው ደም ግፊት ስለካ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ክንድ አስራለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ፣ «ጨው ቀንሱ» እላለሁ፤ የሚቀንስ የለም። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ሸምሲያን ግን አልረሳትም።

ሸምሲያ ኤረር በር ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። ቁመቷ እስከ ትከሻዬ ነው፤ ምላሷ ግን ከጀጎል ግንብ ይረዝማል። በ2010 መስከረም ላይ እርጉዝ ልጇን ሂክማን ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያችን ይዛት መጣች። ዳገቱን ስትወጣ የተቆራረጠባት ትንፋሽ አልመለስ ስላላት ልጅቷን አስቀምጬ የእናትየዋን ክንድ አሰርኩ። መቶ ዘጠና በመቶ አሥር። ያበጠ እግሯን በጣቴ ብጫነው እንደጎደጎደ ቀረ።

«ሆስፒታል ሄደሽ ልብሽ መታየት አለበት» አልኳት።

«ምን ሆኜ? ውፍረት የለኝ፣ ጫት አልቅም፣ ወላሂ ሲጃራ እንኳ አሽትቼ አላውቅም!»

እውነቷን ነው። ቀደም ሲል ስልጠና ላይ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝና ስትወለድ ስንት ኪሎ እንደነበረች ጠየቅኳት። መልስ አልጠበቅኩም። በእሷ ዕድሜ ቤት የተወለደ ሰው ኪሎውን ከየት ያውቃል?

ሸምሲያ ግን ሳቀች። እናቷ ያረገዟት በሶማሌ ጦርነት፣ እህል በጠፋበት ሰሞን ነው። ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ አንድ እፍኝ ሆና ብትወጣ፣ አባቷ በጨርቅ ጠቅልለው ጎረቤት ሱቅ ወሰዷት። ባለሱቁ በአንዱ የሚዛን ሳህን እሷን አስተኛ፣ በሌላው ሁለት ኪሎ ስኳር አደረገ። የስኳሩ ወረደ። እየቀነሰ ሲያስተካክለው አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሆነች። የሰፈሩ ልጆች «ከስኳር ያነሰች» እያሉ ሲያሾፉባት አደገች።

ወንበሬን ሳብኩና በቀላል ቃል ነገርኳት። ሆድ ውስጥ የተራበ ፅንስ ያገኛትን ትንሽ ነገር ለአንጎሉ ያደላል፤ ኩላሊቱና የደም ሥሩ ይጎዱበታል። ሁሉም አይታመምም፤ ሲያድግ ግን በግፊትና በልብ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል።

ሳቋ ቆመ። ዞራ ሂክማን አየቻት። ልጅቷ ሰባት ወሯ ነው፤ ሆዷ የአምስት ወር እንኳ አይመስልም።

«ምን ትበያለሽ?» አልኳት ሂክማን።

አንገቷን ደፋች። «ጠዋት ሻይ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ። እማ ናት... ልጁ ከተለቀ ምጥ ይጠናብሻል ብላኝ።»

ደሜ ፈላ። ይሄን ነገር ስንቴ ሰማሁት! ስንት እናት ለልጇ አስባ ልጇን ታስርባለች! ልጮህ አፌን ስከፍት የሸምሲያን ፊት አየሁና ተውኩት።

«ያ ረቢ!» አለች። «የኔ እናት እኮ አጥታ ነው የራባት። እኔ እያለኝ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንፎውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን ይዛ በቀን ሁለቴ ከኤረር በር ፈላና በር፣ ሂክማ ቤት ትመላለሳለች። በየጥጉ እየተቀመጠች፣ ደረቷን ይዛ እያረፈች። ለራሷ ሆስፒታል የታዘዘላትን የግፊት ኪኒን ግን እኔ ጋ ትታዋለች፤ አትውጥም። ስቆጣት «መጀመሪያ እሷ ትውለድ፣ ሲስተር ጽጌሬዳ» ትለኛለች። እኔም ደከመኝና መቆጣቱን ተውኩ።

ኅዳር ላይ ሂክማ ሴት ልጅ ወለደች። ሸምሲያ የሕፃኗን ካርድ ይዛ እያለከለከች መጣች። ማንበብ አትችልም።

«ስንት ይላል?»

«ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ።»

«ከስኳሩ ትበልጣለች?»

«ትበልጣለች።»

የምግቡ ሥራ ይሁን የዕድል እኔ አላውቅም። እሷ ግን «አልሐምዱሊላህ» ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። እኔም አለቀስኩ። ቆይታ ከጉያዋ የራሷን ካርድ አወጣች።

«የኔንም ጻፊልኝ። ስወለድ ስንት እንደነበርኩ።»

ካርዱ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ከስሟ አጠገብ ጻፍኩላት። ከዚያ እጇን ዘርግታ «በይ አሁን ኪኒኔን ስጪኝ» አለች።