ከካፒቴኑ ሥር የነበረችው ግመል

በዚያ የኢድ ጠዋት፣ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የነበርነው እኔ፣ እህቴ አልማዝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ጸጋይ እና «አም»፣ አጎት፣ የምንለው የዥዋዥዌው ባለቤት አም ኢድሪስ ነን።

ሰሞኑን ድንበሯ ገላባት ላይ የአንዲት ሻይ ሻጭ ራኩባ፣ ዳስ፣ ሥር ተቀምጬ፣ ፀሐይ የሚከልለውን ቆርቆሮ ቀና ብዬ ባይ፣ ከተላላጠ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ቁልቁል ያየኛል። ከጉንጩ ጎን ደግሞ የግመል ጆሮ ብቅ ብሏል። ሻዬን ሳልጨርስ አወቅሁት፤ ካፒቴኑ ነው።

የአም ኢድሪስ ዥዋዥዌ በጀልባ መልክ የተሠራ ትልቅ የብረት ሣጥን ነበር። ሞተር ስላልነበረው፣ መክፈል ያልቻለ ልጅ ሌሎቹን ይገፋና ተራው ሲደርስ በነፃ ይሳፈራል። መጀመሪያ ጎኑ ላይ የተሣለችው ግመል ብቻ ናት። የባሕር ወንበዴዎች ሙሰልሰል፣ ተከታታይ ፊልም፣ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምርና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዱላ ይዞ ካፒቴን ሲሆን፣ አም ኢድሪስ ግመሏን በካፒቴን ሸፈናት። ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲቀባ የኖረ፣ ባሕር ግን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለነበር፣ ለካፒቴኑ መርከብ የፊት መብራትም ፓራፋንጎም አሳምሮ ሣለላት። ያን ኢድ ሜዳው ጠበበ። በሚቀጥለው ኢድ ግን ሙሰልሰሉ አልቆ፣ ልጁ ሁሉ ወሬው ስለ ጠፈር ሆኖ፣ ካፒቴኑ በአንድ ዓይኑ ባዶ ሜዳ ያይ ጀመር።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ይሄ ሰውዬ አርጅቷል» አለ ጸጋይ ካፒቴኑን እያየ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ እኔንም ልትቀባኝ ነው?» አለው አም ኢድሪስ።

ይሳቅ እንጂ ጨንቆት ነበር። በዚህ ኢድ ልጅ ካልመጣ ብረቱን አስቆርጦ እንደሚሸጠው ለአልማዝ ነግሯታል። በማግስቱ ስንመጣ ጀልባው እስከ መቀመጫው ሰማያዊ ሮኬት ሆኖ ቆየን፤ የፊት መብራቱ ግን አልተነካም። ገበያ እንድንስብለት ሦስታችንን በነፃ አሳፈረን፣ እሱ ከፊት ቆሞ «ወደ ጨረቃ! ወደ ጨረቃ!» እያለ ይጣራል።

ስንወርድ ቀለሙ አለመድረቁን ከኋላችን አወቅን። አልማዝ ለትንሣኤ የተገዛላትን ነጭ ቀሚስ አዙራ አይታ «እማዬ ትገድለናለች!» ብላ ስትጮኽ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ «እዩአቸው፣ ሰማይ ላይ ተቀምጠው መጡ!» አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ መቀመጫው ሰማያዊ ያልሆነ ልጅ ሰው መሃል መቆም አፈረ፤ ሰልፉ እስከ ሥጋ ቤቶቹ ደረሰ። ስለ ሮኬቱ አንድም ልጅ አልጠየቀም። እኛን እናታችን በናፍጣ ስትፈትገን አመሸች።

ብረቱ ለዚያ ኢድ ተረፈ። ዛሬ አም ኢድሪስ የለም፣ ጸጋይ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ነው አሉ፣ ከዥዋዥዌውም ያየሁት ይህን የራኩባ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

በዚያ ጠዋት እዚያ የነበራችሁ ጨምሩበት። እኔ የቆጠርሁት አራት ሰው ነው፤ ሦስታችን ሮኬቱ ላይ ነበርን፣ አም ኢድሪስ ከፊት ይጣራ ነበር። ታዲያ የሚገፋን ማን ነበር? ዞር ብዬ አላየሁም። በዚያ ቀን መዳፉ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ቤቱ የገባ ልጅ ካለ፣ እባክህ ስምህን ንገረኝ።