ባዶውን የማይመለስ ነፋስ

ልጅ ሳለሁ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር፤ እናቴ «ጉንዳን የወረራት ይመስል!» እያለች ትቆጣኝ ነበር። ያኔ ከዳባት ወጣ ብሎ ያለው ሰፈራችን መብራት አልገባለትም። አመሻሽ ላይ ልጆች ሁሉ ጎረቤታችን አያ ደሴ ቤት እንሰበሰባለን፤ የኩበቱ ጭስ ያስለቅሰናል፣ ኩራዟ ትርገበገባለች፣ እሳቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ ያወሩናል። በጉልምስናቸው እህል በበቅሎ ጭነው ሊማሊሞን ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩ ነጋዴ ስለነበሩ ተረታቸው ሁሉ የሚጫንና የሚራገፍ ነገር አያጣም።

ነፋስም በእሳቸው ተረት በቅሎ ነው። ክረምት ሲገባ ከምዕራብ በኩል ውሃ ተጭኖ ይነሳል። ሜዳ ሜዳውን ደህና ይመጣል፤ የእኛን ዳገት ሲጀምር ግን ያለከልካል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይበርደዋል፣ ጭነቱም ይከብደዋልና እኛ ላይ ያራግፈዋል። ተራራውን አልፎ ወደ ተከዜ የሚወርደው ባዶውን ነው። «ለዚህ ነው እኛ ጭቃ ስናቦካ የተከዜ ሰው ሰማይ ሰማይ የሚያይ» አሉን አንድ ምሽት። እኔ ነፋሱን ካልነካሁ ብዬ ብድግ አልኩ። «አንቺ ልጅ፣ ገና አልጨረስሁም'ኮ!» ሲሉኝ በሩን አልፌ ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ነበር። የዓመት ቀለባችን የሆነው ገብስ ታጭዶ እርሻው ላይ ተኝቷል። ቅዳሜ ጧት ሰማዩ ትንሽ ደፈረሰ፤ እናቴ ነዶውን ልከምር ወይስ ገበያ ልሂድ እያለች ደጃፍ ላይ ትወላውል ጀመር። እኔ ደግሞ ገበያ ይዛኝ እንድትሄድ ቸኩያለሁ። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ወደ ላይ ዘረጋሁ፤ ነፋሱ ከተከዜ በኩል ነው።

«ዝናብ የለም፤ ባዶውን ነው የሚመጣው» አልኳት። አሁንም ስታመነታ «አያ ደሴ ናቸው ያሉት» ብዬ ጨመርኩበት።

ገበያ ሳለን ዘነበ። እሑድንም ሰኞንም ሲያወርደው ዋለ፤ ገብሱ ነዶው ላይ እንዳለ በቀለ። ለብቅል እንኳ አልሆነም። እናቴ የረጠበውን ዛላ ይዛ አያ ደሴ በር ላይ ቆመች፣ እኔ ከኋላዋ ቀሚሷን ጨብጫለሁ።

«አያ ደሴ፣ ምነው እንዲህ ጉድ አደረጉኝ? ዝናብ የለም ብለው!»

እሳቸው እኔን አዩኝ። ፊቴን በእናቴ ቀሚስ ሸፈንኩ።

«እርጅና ነው ልጄ። ተሳሳትሁ፣ ይቅር በይኝ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የሰማዩን ነገር እሳቸውን መጠየቅ ተወ።

በማግስቱ ብቻዬን እሳቸው ቤት ሄድኩ። «አሁንስ ትቀመጫለሽ?» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ባዶውን የሚመለስ ነጋዴ የት አይተሻል? እኔ እህል አውርጄ ስመለስ ጨው ጭኜ ነው። ነፋስም አንዳንዴ በበጋ ከቀይ ባሕር በኩል ውሃ ያገኛል፤ ያገኘ ዕለት ጭኖ ነው የሚመጣ። የመጣበትን ብቻ አትይ፣ ደመናውንም እይ።»

በኋላ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ የጂኦግራፊ መምህራችን ከፍታ፣ የባሕር ርቀትና የነፋስ አቅጣጫ የአንድን አገር አየር እንዴት እንደሚለውጡ ሲያስረዱ፣ ክፍሉ በሙሉ ማስታወሻ ይገለብጣል፤ እኔ ግን ያ የረጠበ ዛላ እየታየኝ አንገቴን ደፋሁ።

አያ ደሴ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ግን ኅዳር ላይ ሰማዩ በደፈረሰ ቁጥር «አያ ደሴ የተሳሳቱ ዓመት…» ብላ ትጀምራለች፤ እኔም ያኔውኑ ተነስቼ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ያልተከፈተ በር እዘጋለሁ። ባለፈው ኅዳርም ነፋሱ ከተከዜ በኩል ሲነሳ እንደ ልማዷ ጀመረች። ብድግ ብዬ በሩ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ የሽማግሌው «ገና አልጨረስሁም'ኮ» ትዝ አለኝና ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አያ ደሴ አልተሳሳቱም» አልኳት።