በእጄ የተላከው መርዶ

የመምህር ይሁኔን ሞት ማንም አልነገረኝም። «እሱ ማንበብ አይችልም» ተብሎ የመርዷቸው ወረቀት በእጄ ተላከ። የላኩኝም ታናሽ ወንድማቸው አቶ ታፈረ ናቸው። ይህን ዘልዬ ስለ መምህሩ ደግነት ብቻ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ።

መምህር ይሁኔ ደብረ ታቦር ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ እኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበርሁ። ኋላ ታይላንድ ሄዱ። እዚያ «ቋንቋው የአፍ መፍቻህ አይደለም» እያሉ ብዙ ቦታ መለሷቸው። እርሳቸው ግን «እኔም ተምሬ ነው ያወቅሁት፤ ተማሪው የት ላይ እንደሚቸገር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» ብለው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ውል ጀመሩ። ሲሞቱ የቋንቋ አስተማሪዎቹ ሁሉ ኃላፊ ነበሩ።

ለዕረፍት በመጡ ቁጥር እኔን ያስተምሩኛል። በሩ ላይ «በር»፣ ወንበሩ ላይ «ወንበር» ብለው ወረቀት ይለጥፋሉ።

«መምህር፣ እኔ እኮ አርጅቻለሁ» ብላቸው፣

«ዝም ብለህ አንብብ! አለዚያ ግንባርህ ላይ እለጥፍብሃለሁ» አሉኝ።

አቶ ታፈረ ይስቁ ነበር። «ወንድሜ ባሕር ማዶ ሲኖር ደንጊያ ማስተማር ለመደ» ያሉት በፊቴ ነው።

ያን ቀን እኒሁ ሰው ጠርተው የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። «እብናት ለቄስ አዱኛ አድርስ።»

«የምን ጉዳይ ነው?»

«አንተ አታውቀውም።»

ነገሩ አናደደኝና ሚኒባስ ውስጥ ገለጥሁት። «ወንድሜ ይሁኔ በድንገት አርፏል። ነገ ማለዳ ሰው ሰብስባችሁ እናቴን አርዱልኝ» ይላል። ፊደል ስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አልሳትሁም። ማንበብ መቻሌን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው።

ወረቀቱን ለቄሱ ሰጥቼ ስወጣ የመምህሩ እናት፣ እማማ ውዴ፣ መንገድ ላይ ያዙኝ።

«ባዘዘው! ልጄ ደወለ?»

«ደህና ናቸው፣ እማማ።»

«ምነው ታዲያ ፊትህ?»

«መኪናው አንገላታኝ።»

«አይ አንተ! መኪና የተፈጠረው ለወንድ ነው» ብለው እየሳቁ ቤታቸው አስገቡኝ። ሳልበላ አልለቅህም አሉ። የልጃቸውን መምጫ ወር እየቆጠሩ አበሉኝ፤ እኔም እያየኋቸው ዋጥሁ። እዚያው አደርሁ።

ማለዳ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ለቅሶው ጋብ ሲል እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«ወረቀቱን አንብቤዋለሁ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ልጅዎ፤ አቶ ታፈረ ‹ደንጊያ ማስተማር ለመደ› እያሉ ሲስቁብን።»

ደረታቸውን መምታት ትተው እጄን ያዙ። ለለቅሶው የመጡትን አቶ ታፈረንም «የወንድምህን ልፋት ደንጊያ ያልኸው አንተ ነህ» አሏቸው፣ በሰው ፊት።

መምህር ሆይ፣ ይህን የጻፍሁት ራሴ ነኝ፤ ማንም አላገዘኝም። እናትዎን እየጠየቅሁ ነው፤ በእርሳቸው አያስቡ። በደህና ይረፉ። ወንድምዎም እግሬ ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ አነሣኋቸው። የታረቅነው አርባዎ በወጣ ዕለት፣ ግንቦት አንድ ቀን ነው።