ጭንቅላታቸው ያዘመመ ጥንቸሎች

በእንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ ረዳቷን «አፍንጫዬ» ነው የሚሏት። ሥራዋ እንስሳቱን በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ፣ መሣሪያ መቀቀልና ወለል መወልወል ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አፍንጫዋ የሐኪሙን መብራት መቅደም ጀምሯል። ጥንቸሉ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ «የዚህ ጆሮ ታሟል» ትላለች። ሐኪሙም «እንግዲህ እኔ ጡረታ ልውጣ» ይላታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ግራጫ ጥንቸል ይዛ መጣች። ጥንቸሉ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዝምሟል።

«የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ነው የሚመስለው» አለች እናትየው። «ልጆቼ በሳቅ ይሞታሉ።»

አፍንጫዬ አልሳቀችም። የጥንቸሉ ዓይኖች ያለ ዕረፍት ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሐኪሙ በመብራቱ ጆሮውን ሲያየው እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ነጭ መግል ሞልቶታል።

«የጥንቸል መግል አይፈስም፤ እዚያው ይጠጥራል» አለ። «የጆሮው ታምቡር ተበስቶ ሕመሙ ወደ ውስጥ ገብቷል። ምን ጨምረሽበታል?»

«እኔ እቴ! ስገዛውም ጆሮውን ያክ ነበር።»

አፍንጫዬ ግን ከመግሉ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ አገኘች። ላምባ ነው። ረቡዕ ሁለተኛ ጥንቸል መጣ፣ ዓርብ ሦስተኛ፤ ሽታው ያው። ሦስተኛው ጠረጴዛው ላይ እንደ በርሜል እየተንከባለለ እጇ ላይ ሞተ። ከየት እንደተገዙ ሐኪሙ ጠየቀ። ሦስቱም ከድልድዩ ሥር ካለው የቤት እንስሳት ሱቅ ነው የተገዙት፤ ከታላቅ ወንድሟ ሱቅ። እናታቸው ከሞተች በኋላ ፀጉሯን እየጎነጎነ ያሳደጋት እሱ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሄደች። ከፊት ለፊት ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ የዓሣው ገንዳ ይንፎለፎላል። የጓሮው ክፍል በር ላይ ግን አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ጓሮውን ክፈትልኝ።»

«ምን ልታዪ? ይልቅ ቁጭ በይ።»

«ክፈትልኝ አልኩህ።»

ብዙ ቆይቶ ከፈተ። የሽቦ ቤቶቹ እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል። ድምፅ የሚባል የለም፤ ጥንቸል ቢያመውም አይጮህም። ወደ እሷ ከዞሩት ጭንቅላቶች ብዙዎቹ ዘምመዋል። አንዱ ጥግ ላይ ባለበት ይሽከረከራል። መደርደሪያው ላይ የላምባ ጠርሙስ ከነማንጠብጠቢያው፣ አጠገቡም ለሰው የሚታዘዝ የካፕሱል ካርቶን አለ።

«እከክ ነበር የጀመራቸው» አለ ወንድሟ። «ቅማል ቢጤ ነው፣ ላምባ ይገድለዋል አሉኝ። እየባሰባቸው ሲሄድ ካፕሱሉን ፈትቼ በውሃ ሰጠኋቸው።»

«እሱማ ይጨርሳቸዋል፣ ጋሼ። ለእኛ የሚሆነው ሁሉ ለጥንቸል አይሆንም። ይሄ በአፍ ከተሰጣቸው ሆዳቸው ይበላሽና በጥቂት ቀን ይሞታሉ። ስንት ሞተብህ?»

ጫማውን አየ። «መቁጠሩን ትቻለሁ።»

ጥጉ ላይ አፉ የታሰረ ጆንያ ነበር። አልፈታችውም።

እዚያው ቆማ ለሐኪሙ ደወለች። ወንድሟ ንግግሯን እስክትጨርስ ጠበቀና ቀስ ብሎ «አሳልፈሽ ልትሰጪኝ ነው?» አላት።

«ሰኞ በመኪና መጥተን የቀሩትን እንወስዳለን። ላምባውንም ካፕሱሉንም እንዳታስነካቸው፤ አደራህን።»

«እሺ» አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ እሺ ካላት ዋሽቷት አያውቅም።

መሸከም የቻለችውን አምስቱን በካርቶን አድርጋ ወሰደች። ሐኪሙ እከኩን ሳይፍቅ ተባዩን የሚገድለውን መርፌ ወጋቸው፤ ለጥንቸል የሚስማማ መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻም ሰጣቸው። አፍንጫዬ የላመ ሣር በውሃ በጥብጣ በስሪንጅ በጥቂት በጥቂቱ ታጎርሳቸው ጀመር። ሁለቱ እሑድን አላለፉም። ሦስቱ ከስድስት ሳምንት ሕክምና በኋላ ዳኑ፤ የአንደኛው ጭንቅላት ግን እንደዘመመ ቀረ።

በተባለው ሰኞ ከሐኪሙ ጋር ሲደርሱ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ወፎቹ የሉም፤ ገንዳውም ደርቋል። የጓሮው ወለል ታጥቦ ገና አልደረቀም። ከእነዚያ ሁሉ የሽቦ ቤቶች አንዱ እንኳ አልቀረም።

«የት ወሰዳቸው?» አለ ሐኪሙ። «ይሄኔ ሌላ ቦታ እየሸጣቸው ይሆናል።»

አፍንጫዬ ደወለች። የወንድሟ ስልክ ተዘግቷል። ሐኪሙ ከዚያ ሱቅ የገዙ ሰዎች ጥንቸሎቻቸውን በቶሎ እንዲያስመረምሩ የሚል ማስታወቂያ የሱቁ በር ላይ ለጠፈ፤ ለሚመለከተው ቢሮም አመለከተ። ወር አለፈ፤ ወንድሟን ያየ የለም።

አንድ ቀን እንደገና ስትደውል የወንድሟ ሚስት ስልኩን አነሳች።

«ደህና ነው» አለቻት። «አትፈልጊው።»

ከጀርባዋ፣ እንደ ድሮው ሱቅ፣ ብዙ ወፎች ይንጫጩ ነበር። ወዲያው ስልኩ ተዘጋ።